መኪናዬ ድናለች፤ አልሰጥም

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ዘመን፣ እሑድ እሑድ የግል መኪና እንዳይነዳ በተከለከለበት ወቅት፣ ናዝሬት ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ የማስታውሰው ታስሬበት ስለነበረ አይደለም። ያኔ ብዙ ሰው ታስሯል፤ ከእኔ የከፋ የደረሰበትም አለ። የማስታውሰው ጎረቤቴ በዚያ ሰበብ ያነሣብኝን ክርክር እስካሁን ስላልጨረስኩት ነው።

ትምህርት ቤት የቆየሁት ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። የመኪና ነገር የተማርኩት በጭነት መኪና ረዳትነት፣ ቀጥሎም የተበላሸውን ሁሉ እየፈታሁ በመግጠም ነው። ከአብዮቱ በፊት ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያን አንዲት አሮጌ መኪና ገዝቼ ነበር። የኋላ ወንበሯን አውጥቼ ከቆቃ ሽንኩርትና ቲማቲም አመጣባታለሁ፤ ባለቤቴ አበበች ገበያ ላይ ትሸጣለች። ልጆቼ የሚበሉት በዚያች መኪና ነበር።

አንድ ሰሞን ሞተሯ መነጫነጭ ጀመረ። ዳገት ላይ ጉልበት ታጣለች፤ ቆማ ስትሠራ አንድ እግሩ እንደተጎዳ የጋሪ ፈረስ ታነክሳለች። ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ እሳት እያገኘ እንዳልሆነ ገባኝ። የሰፈሩ ሰው ግን የየራሱ ምርመራ ነበረው። አንዱ «ቤንዚኑ ነው፤ ላምባ ቀላቅለውበታል» ይላል። ሌላው «ሙቀቱ ነው፤ እርጥብ ጨርቅ ጣልባት» ይላል።

ጎረቤቴ ቱሉ ደግሞ ጭራሽ እንዳልነካት ለመነኝ። ቱሉ እህል ነጋዴ ነው፤ እሱም መኪና ነበረው። በዚያን ጊዜ የቀበሌያችን ሹማምንት የሰው መኪና «ለሥራ» እያሉ ይወስዱ ነበር። የተወሰደ መኪና ወይ ተሰባብሮ ይመለሳል፣ ወይ አይመለስም። ስለዚህ መኪና ያለው ሰው መኪናውን ያሳምማል። ቱሉም ጎማዎቹን ፈትቶ፣ መኪናውን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ፣ ዶሮ እንዲያድርበት ትቶታል። ጎማዎቹ ቤቱ ውስጥ፣ በእህል ጆንያ ሥር ነበሩ። ከቤተሰቡ ሌላ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኮፈኑን ከፍቼ ሳይ ቱሉ መጣ።

«አካም ቡልቴ፣ ሞገስ?» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት እንዳደርኩ ጠየቀኝ።

«ደህና። ያቺን ካቻቢቴ አቀብለኝ።»

«አላቀብልም። አንተ ሰውዬ፣ እግዜር ራሱ መኪናህን አሳምሞ ሰጥቶሃል። እኔ በገዛ እጄ ነው ያሳመምኩት! በሽተኛ መኪና ማን ይጠይቃል?»

«ልጆቼ ምን ይብሉ?»

«በጋሪ አስመጣ።»

«መኪና እያለኝ?»

«የለኝም በላ! ያንተ ከዳነች ‹የቱሉስ ለምን አትድንም?› ይላሉ። ለእኔ ስትል ተዋት።»

ይህ የመጨረሻው ቃሉ ከበደኝ። ሆኖም ሰው በፍርሃት የተነሣ የሚሠራ ዕቃውን አበላሽቶ መኖር ከለመደ፣ ነገ ልጁንም ደንቆሮ አስመስሎ ያሳድጋል ብዬ አምናለሁ። «አልተዋትም» አልኩት። ካቻቢቴውን ራሴ አነሣሁ።

ሞተሩን አስነሥቼ እሳቱን ወደሚጭሩት ካንዴላዎች የሚሄዱትን ሽቦዎች ተራ በተራ ነቀልኩ። ሽቦ ሲነቀል የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ያ ሲሊንደር ጤነኛ ነው ማለት ነው። የሦስተኛው ሲነቀል ምንም አልተለወጠም። የእሱን ካንዴላ ከጎኑ ካለው ጋር አቀያየርኩ፤ ሕመሙ እዚያው ሦስተኛው ላይ ቀረ። ሽቦውንም ቀየርኩ፤ ያው ነው። እንግዲህ ጥፋቱ እሳቱን ለአራቱም በየተራ ከሚያድለው ከዲስትሪቢዩተሩ መሆን አለበት።

ክዳኑን አንሥቼ ባየው ደህና ይመስላል። በዚያ ፀሐይ ቀጭን ስንጥቅ አይታይም። መልሼ ገጠምኩትና ሞተሩን አስነሥቼ፣ ጋቢዬን አምጥቼ፣ ከማራገቢያው አርቄ፣ ራሴንም ሞተሩንም ሸፍኜ ጨለማ ሠራሁ።

«አበበች ኧረ ነይ!» ሲል ሰማሁት ቱሉን፤ «ባልሽን ጉንፋን ይዞት ባሕር ዛፍ እየታጠነ ነው!»

አላፊ አግዳሚው ሳቀ። እኔ ግን ከጋቢው ሥር የምፈልገውን አየሁ። እንደ ፀጉር የቀጠነ ሰማያዊ እሳት በክዳኑ ላይ እየተሳበ ወደ ብረቱ ያመልጣል።

አዲስ ክዳን ያኔ ናዝሬትም አዲስ አበባም አይገኝም። ስንጥቁን በምላጭ ፍቄ አጸዳሁት። የሚደፍነው ነገር ግን ያስፈልጋል። ትልቋን ልጄን አልማዝን ጠራኋት።

«የጥፍር ቀለምሽን አምጪ።»

ደነገጠች። በቤቴ የጥፍር ቀለም ክልክል ነው። «የለኝም፣ አባባ።»

«እንዳለሽ አውቃለሁ። አምጪ አልኩሽ!»

እናቷን አየች፤ እናቷ መሬት አየች። በመጨረሻ አንዲት ቀይ ጠርሙስ ይዛ መጣች። ስንጥቁን ቀብቼ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ ገጠምኩት። ሞተሩ ወዲያው ተነሣ፤ አራቱም እኩል ሠሩ። ጠርሙሱን መለስኩላት። ክልከላውን ግን አላነሣሁም።

ቱሉ አሁን አልሳቀም። «ይህ ድምፅ ቀበሌ ድረስ ይሰማል» ብሎ ወደ ቤቱ ገባ።

እውነቱን ነበር። በሳምንቱ የቀበሌው ሊቀመንበር ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ደጄ ቆመ።

«ጓድ ሞገስ፣ መኪናህ ዳነች አሉ።»

«ድናለች።»

«ነገ ትፈለጋለች። ከላይ የመጡ እንግዶች አሉ፤ ሶደሬ ፍል ውሃ ደርሰው ይመለሳሉ።»

«ነገ እሑድ ነው። እሑድ መኪና አይነዳም ብላችሁ በስብሰባ ላይ ያነበባችሁልን እናንተ ናችሁ።»

«እሱ ለግለሰብ ነው!»

«መኪናዋም የግለሰብ ናት። የታመመ ሰው ካለ እኔው ነድቼ አደርሳለሁ። ለዋና ግን አልሰጥም።»

ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ያያል። አንዱ ጠባቂ ቁልፉን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። ያኔ ኮፈኑን ከፈትኩ። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አንሥቼ በውስጡ የምትሽከረከረውን ትንሽ ቁራጭ አወጣሁ። ያለ እሷ ሞተር አይነሣም። ለአበበች ሰጠኋት። አበበች ሳንቲሟን በምትቋጥርበት በመቀነቷ ጫፍ ቋጠረቻት።

ከዚያ ቁልፉን ለጠባቂው ሰጠሁት። «መኪናዋ አልታመመችም» አልኩ። «ታማለች ብዬ አላታልላችሁም። በፊታችሁ ያስቆምኳት እኔ ነኝ።»

«ሴትዮ፣ አምጪ» አለ ሊቀመንበሩ።

አበበች ሁለት እጆቿን መቀነቷ ላይ አድርጋ ቆመች። «ና ፍታው» አለችው።

በጠራራ ፀሐይ፣ ሰፈር እያየ፣ ያገባች ሴት መቀነት ላይ እጁን የሚያሳርፍ ከሦስቱ አንድም አልተገኘም። ጠመንጃ የያዘም ቢሆን እናት አለው። እሷን መንካት ስላልደፈሩ እኔን ወሰዱኝ።

በቀበሌው መጋዘን ውስጥ ዘጉብኝ። በማግስቱ ሊቀመንበሩ ለስለስ ብሎ መጣ። «አንተ የሞተ የምታስነሣ ሰው ነህ» አለኝ። «የቱሉን መኪና አስነሣልንና ወደ ልጆችህ ግባ። ጎማዋ የት እንደደረሰ አንተ አታጣውም።»

እዚህ ላይ ተያዝኩ። «አላውቅም» ብል ውሸት ነው። የማውቀውን ብናገር ደግሞ ጎረቤቴን መሸጥ ነው።

«ባለቤቱ ሳይጠራኝ የሰው መኪና አልነካም። ስለ ሰው ዕቃም አልናገርም።»

«ታውቃለህ ማለት ነው?»

«አልናገርም ማለት ነው።»

በሩን በኃይል ዘግቶ ሄደ። እንግዶቹ እስኪሄዱ፣ ከዚያም በኋላ የሰውዬው እልህ እስኪበርድ ድረስ እዚያው ቆየሁ። አበበች ምግብ ታመላልሳለች፤ ሳህኑን ይፈትሻሉ፣ እሷን አይነኩም። ሲለቁኝ ያልጠቀማቸውን ቁልፍ መልሰው፣ ጥፋቴን አምኜ እንድፈርም ጠየቁኝ፤ አልፈረምኩም። በዚህ የተነሣ ከቀበሌው ሱቅ ስኳርና ሳሙና ከለከሉን። ብዙ ወር ሻያችንን ያለ ስኳር ጠጣን። ልጆቼ ሲያጉረመርሙ ጥርሳችሁ ይተርፍላችኋል አልኳቸው።

የወጣሁ ዕለት ቱሉ ፊቱ ገርጥቶ መጣ።

«ስለ ጎማዬ ጠየቁህ?»

«ጠየቁኝ።»

«ምን አልክ?»

«አልናገርም አልኩ።»

«‹አላውቅም› ብትል ምን ነበረበት? ‹አልናገርም› ማለት እኮ ‹አለ› ማለት ነው! እነሱ ይመጣሉ ብዬ እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም!»

«አልዋሽም፣ ቱሉ።»

«አንተ ላለመዋሸት የእኔ ቤት ይፈተሽ?»

ቤቱ አልተፈተሸም። ይህ ግን በዕድል ነው እንጂ በእኔ ብልሃት አይደለም፤ አውቀዋለሁ። ስላስጨነቅሁት ይቅርታ ጠየቅሁት። ስላልዋሸሁ ግን አልጠየቅሁትም።

ቱሉ ያንን ክርክር እስኪሞት ድረስ አልተወውም። «አንዲት ትንሽ ውሸት ሁለታችንንም በሰላም ታሳድረን ነበር» ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ፣ አንዷን ከሰጠኋቸው ሌላ ሊያስዋሹኝ ተመልሰው ይመጣሉ እላለሁ። እሱም ልክ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ቢጠይቁኝ ግን መልሴ አይለወጥም።

ከእስር በወጣሁ ማግስት ቁራጯን ከአበበች ተቀብዬ ገጠምኩና ወደ ቆቃ ወጣሁ። መስኮቴን ዝቅ አድርጌ፣ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ፊት ለፊት ቀስ ብዬ አለፍኩ። ልጆቼ አሁን ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ይህን ስነግራቸው «ሌላ መንገድ አልነበረም እንዴ፣ አባባ?» ይሉኛል።

ነበረ። ያውም አቋራጭ።