መርዶው እስኪነገር

ወንድሜ የሞተው በወባ ነው። ጁባ ውስጥ ወባ የማይዘው ሰው የለም፤ እኔም እሱም ስንት ጊዜ ታመን ተነስተናል። ያን ጊዜ ግን ወደ ጭንቅላቱ ወጣበትና ሰው መለየት አቃተው። እኔን "እማዬ" እያለ ሲጠራኝ ቆይቶ አረፈ። የነጭ ዓባይ ወደብ አጠገብ በቆርቆሮ የተሠራች ምግብ ቤት ነበረችን፤ ከጀልባ ጭነት የሚያወርዱ ሠራተኞችን እናበላ ነበር። እሱ ከገበያ ይገዛል፣ እኔ አበስላለሁ። አስከሬኑን አገር ቤት መላክ ስላልተቻለ እዚሁ ቀበርነው።

ከቀብር እንደተመለስን አጎቴ ከአገር ቤት ደወለ።

"የእናትሽን ልብ ታውቂዋለሽ። ትንሽ እስክትጠነክር እንጠብቅ። ጊዜ አይተን መርዶውን እኛው እንነግራታለን፤ እስከዚያ አንቺ ትንፍሽ እንዳትይ" አለኝ።

የጽዋ ማኅበራችን ሰዎችም ፎቶውን ፌስቡክ ላይ እንዳያወጡ ተነገራቸው። ለእናት ታስቦ ስለሆነ ሁሉም እሺ አለ። እኔም ትክክል መስሎኝ ነበር።

እናቴ ግን ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ በቪዲዮ ትደውላለች። ስለዚህ ጥቁር መልበስ አልቻልኩም፣ ፀጉሬን መቆረጥም አልቻልኩም። ሰዓቱ ሲደርስ ፊቴን ታጥቤ፣ ኩል ተኩዬ እጠብቃታለሁ።

"ወንድምሽስ?" ትላለች።

"ዕቃ ሊያመጣ ወደ ድንበር ሄዷል፤ እዚያ ኔትወርክ የለም።"

"ድምፁ ናፈቀኝ። ሲመጣ እናትህን አትረሳት በይልኝ።"

"እሺ እማዬ" ብዬ እስቅላታለሁ።

ካለቀስኩ ዓይኔ ያብጣል፣ እሷ ደግሞ ታየዋለች። ስለዚህ ማልቀስ ፈራሁ። የማኅበሩን ሴቶች ካየሁ ማልቀሴ ስለማይቀር እነሱንም ሸሸኋቸው። በየወሩ የምንሰበሰበው ንያኩሮን ሰፈር፣ የማኅበራችን ታላቅ የሆኑት እትዬ ቤት ነበር። መሄድ ተውኩ። ሲደውሉልኝ አላነሳም፤ ካነሳሁም "ሥራ በዛብኝ" እላለሁ። እነሱም ሆቴል የሚያስተዳድሩ፣ ሱቅ የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው፤ ቀስ በቀስ መደወሉን ተዉት። ቤተ ክርስቲያንም ቀረሁ። እህል አልወርድ አለኝ፣ እንቅልፍም ራቀኝ። የደም ግፊት መድኃኒቴን አንዳንድ ቀን እውጣለሁ፣ አንዳንድ ቀን እረሳዋለሁ። እውነቱን ለመናገር መርሳቴም አላስጨነቀኝም።

ከምግብ ቤቴ ጎን ሻይ የምትሸጥ ሴት ነበረች። የዚሁ አገር ሰው ናት፤ በስደት ጋምቤላ ካምፕ ስላደገች አማርኛዋ ከእኔ አይተናነስም። ባሏ በጦርነቱ የት እንደወደቀ እስከ ዛሬ አታውቅም። ማንጋቴን በሚባለው የተፈናቃዮች መጠለያ ትኖራለች። ጠዋት ጠዋት ሻይ ታመጣልኝና ሳልጠጣው ሲቀዘቅዝ ደፍታ ሌላ ትቀዳልኛለች።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ወጥ ሳወጣ ቀኝ እጄ ደንዝዞ ጭልፋው ወደቀ። ላነሳው ጎንበስ ስል መሬቱ ጠቆረብኝ። ስነቃ እዚህ ራክሻ በሚሉት ባጃጅ ውስጥ ነኝ፤ ሻይ ሻጯ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አድርጋ "ማሌሽ፣ እህቴ፣ ማሌሽ፣ አይዞሽ" ትለኛለች።

ክሊኒክ ስንደርስ ሐኪሙ ግፊቴን ለካና ፊቱ ተለዋወጠ። "ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?" አለኝ።

"ከወንድሜ ጋር" አልኩት።

ሻይ ሻጯ "ወንድሟ ሞቷል" አለች።

ከቀብሩ ወዲህ ይህን ቃል ፊት ለፊቴ ያለው ሰው አልነበረም። ሐኪሙ እጄን እንደያዘ እየጮህኩ አለቀስኩ። መርፌ ወጋኝ፤ ክኒኑን ሳላቋርጥ እንድወስድ፣ ለብቻዬም እንዳልሆን አጥብቆ ነገረኝ።

በማግስቱ ሻይ ሻጯ ሥራዋን ትታ ንያኩሮን ሄደች። ሰው እየጠየቀች የእትዬን ቤት አገኘች። ምን እንዳለቻቸው እትዬ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።

"እህታችሁ እየሞተች ነው። እኛ ማንጋቴን ውስጥ ምንም የለንም፣ ግን ለቅሶ ያለበትን ሰው ብቻውን አንተውም።"

እትዬ ነጠላቸውን ደርበው በዚያው ሰዓት መጡ። መክሳቴን ሲያዩ ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ስልኬን ተቀብለው አጎቴ ጋር ደወሉ።

"ጌታዬ፣ እናቲቱን ለማዳን ልጅቱን ልትቀብሯት ነው?"

አጎቴ ብዙ ተከራከረ። በመጨረሻ መርዶው እሑድ ጠዋት እንዲነገር ተስማሙ።

እሑድ ቤቴ በሰው ሞላ። የማኅበሩ ሴቶች ጥቁር ይዘውልኝ መጥተው አለበሱኝ። ሻይ ሻጯም ከቤተ ክርስቲያኗ የጸሎት ሴቶች ጋር ከማንጋቴን መጣች። አገር ቤት ደግሞ የእናቴ የንስሐ አባትና ጎረቤቶቿ ቤቷ ገብተው ነበር፤ አጎቴ እንድንሰማ ስልኩን ከፍቶልናል። በመጀመሪያ የሰላምታ ድምፅ ሰማን። ቀጥሎ የእናቴ ጩኸት መጣ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሷ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። መሬት ላይ ስወድቅ የስንት ሰው እጅ እንደያዘኝ አላውቅም። የማንጋቴኖቹ ሴቶች በቋንቋቸው መዝሙር ጀመሩ። አንዲት ቃል አልገባኝም፤ ግን ትንፋሽ ሲያጥረኝ እነሱን እየሰማሁ ተነፈስኩ።

እናቴ ስልኩን አስጠግታ "አንቺ" አለችኝ። "ያን ሁሉ ጊዜ ስትስቂልኝ እሱ አፈር ውስጥ ነበር?"

ስልኩ ተዘጋ።

ልቧ እንደተፈራው አልከዳትም፤ በሕይወት አለች። ለረጅም ጊዜ ግን አላናገረችኝም። አሁን አልፎ አልፎ ትደውላለች። በቪዲዮ አይደለም፤ ፊቴን ማየት አትፈልግም። "ደህና ነሽ?" "ደህና ነኝ"፣ አለቀ። ይሄ ይስተካከል እንደሆነ አላውቅም።

እኔም ሙሉ በሙሉ ዳንኩ አልልም። ግፊቱ አብሮኝ ይኖራል፣ ቀኝ እጄ አሁንም ይደነዝዘኛል። ግን እበላለሁ፣ እተኛለሁ። የማኅበሩ ሴቶች ተራ ገብተው እየመጡ ከእኔ ጋር ይውላሉ። ሽንኩርት እንልጣለን፣ ዳዊት የሚደግም ይደግማል። ሻይ ሻጯ መድኃኒቴን መዋጤን ሳታይ የሻይ ማንቆርቆሪያዋን እሳት ላይ አትጥድም።

ዝናቡ ሲያባራ መቃብሩን ለማየት ሄድን፤ እትዬ፣ ሻይ ሻጯና እኔ። ውሃው አፈሩን ወስዶት መቃብሩ ሰርጉዷል፣ መስቀሉም ዘምሟል። ሻይ ሻጯ ጫማዋን አወለቀችና ከዳር አፈር በሳፋ ማምጣት ጀመረች። እትዬ መስቀሉን አቃንተው ያዙ። እኔ ዙሪያውን በእጄ እየጠቀጠቅኩ አጸናሁት።