ተጠርታ ያልዞረችው ሴት

ኢትዋሪን ከጫካው ዳር ባለው የድንኳን ሰፈር አልጋ ስታነጥፍ ብዙ ክረምትና በጋ አልፎባታል። ድንኳን ይባል እንጂ ወለሉ የተወለወለ እንጨት፣ የመታጠቢያ ገንዳው መዳብ፣ ትራሱ ጭንቅላት የሚውጥ ነው። ሸንተረራሙን ነብር ለማየት የሚመጣ ባለጸጋ ሁሉ እዚያ ያድራል። እሷ ግን አንሶላውን ወጥራ ትወጣለች እንጂ ጎኗን አሳርፋበት አታውቅም።

አንድ የብርድ ሰሞን እንግዶች ቀሩና አንደኛው ድንኳን ባዶ ሆነ። ከቦፓል ከተማ የመጣው አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ጠራትና፣ «ዛሬ እንግዳዋ አንቺ ነሽ። የፈለግሽውን ሰው ይዘሽ እደሪ» አላት። ያሾፈባት መስሏት ነበር። እውነቱን መሆኑን ስታውቅ ሮጣ ሄዳ አማቷን፣ እማማ ሱክዋሮን አመጣቻቸው። ባሏን ፋጉላልን ነብር ከገደለው ወዲህ ሁለቱ ሴቶች በአንድ ጎጆ ነው የሚኖሩት። አሮጊቷ ሌላ ወንድ ልጅ የላቸውም።

እማማ ሱክዋሮ ገና ሲገቡ ገንዳው ላይ አፈጠጡ።

«ይሄ የጎሽ ማጠጫ ነው?»

«ሰው የሚታጠብበት ነው፣ እማማ።»

«ተጋድሞ? ሬሳ ነው እንዴ!»

ሁለቱም እስኪያማቸው ሳቁ።

ሲመሻሽ ከእንግዶቹ ጋር እሳት ዳር ተቀመጡ። ከናግፑር ከተማ የመጡት ቤተሰቦች ቀኑን ሙሉ በጂፕ ሲንከራተቱ ውለው የነብር ጭራ እንኳ ሳያዩ በመመለሳቸው አኩርፈዋል። እነሱን ሊያጫውት አስጎብኚው ቲሃሩ መጣ። ቲሃሩ ለኢትዋሪን የእናት ልጅ ባይሆንም በአገሩ ልማድ በየዓመቱ እጁ ላይ ክር እያሰረች ወንድሟ ያደረገችው ሰው ነው። ለማንም ያልተነፈሰችውን ነገር የነገረችው ለእሱ ብቻ ነበር።

«እህቴ አምና እዚህ አድራ ነበር» አለች አንዲት እንግዳ። «ተጠርታ ስላልዞረችው ሴት ነግረሃቸው አልቅሰዋል አሉ። እስቲ ለእኛም ንገረን።»

ቲሃሩ ኢትዋሪንን አየና አቀረቀረ። «እሱ ይቅርባችሁ፤ የጦጣዋን ልንገራችሁ።»

«እንግዳ ጠይቆ!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ኢትዋሪን ዓይን አፋርነት የያዘው መሰላት። «ንገራቸው እንጂ ወንድምዬ! እኔም እኮ ስታወራ ሰምቼህ አላውቅም።»

ቲሃሩ መሬት መሬቱን እያየ ጀመረ። ባልና ሚስት ለመጠጥ መጥመቂያ የሚሆን የማሁዋ ዛፍ አበባ ሊለቅሙ ጫካ ገቡ። ሲነታረኩ ነበርና ሚስቲቱ አኩርፋ ቀደመች። ሰዉ ጠጋ ጠጋ ሲል ቲሃሩን የገዛ ምላሱ ይዞት በረረ፤ ቀና አለ፣ እጁን ማወናጨፍ ጀመረ።

«ባልየው ስሟን ጠራ። ‹ዛሬ ደግሞ ይለምነኝ› ብላ ዝም አለች። ደግሞ ጠራት። ተሸነፈልኝ ብላ ፈገግ አለች፣ ግን አልዞረችም። ሦስተኛው...» እዚህ ላይ ድምፁን ለወጠና የሚታነቅ ሰው ድምፅ አወጣ።

ያን ቀን ፈገግ ማለቷን ከራሷ ከኢትዋሪንና ከቲሃሩ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

«ምን ዓይነት ጨካኝ ሴት ናት!» አለች እንግዳዋ። «አሁን የት ናት?»

«አይታወቅም» አለ ቲሃሩ።

እማማ ሱክዋሮ በእጃቸው የያዙትን ጣፋጭ ቀስ ብለው አስቀመጡ። እንግዶቹ በማይሰሙት በነገዳቸው በጎንዶች ቋንቋ፣ «ኢትዋሪን፣ ልጄ ጠርቶሽ ነበር?» አሉ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ‹ሩቅ ነበርኩ፣ አልሰማሁም› ስትላቸው ነው የኖረችው።

«ጠርቶኝ ነበር፣ እማማ።»

«ስንቴ?»

«ሁለቴ።»

አሮጊቷ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱና ወደ ጨለማው አመሩ።

«በእግር አይኬድም፣ እማማ! አውሬ አለ!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ልጄን የበላ እኔን ይብላኝ!»

የሰፈሩ ሰዎች ሁለቱን ሴቶች በጂፕ ወደ ጎጇቸው ወሰዷቸው። በነጋታው አሮጊቷ ጓዛቸውን ይዘው ሴት ልጃቸው ወዳለችበት መንደር ሄዱ።

ቲሃሩን ደጃፏ ላይ ቆሞ አገኘችው።

«ስምሽን አንድም ቀን አንስቼ አላውቅም፣ እህቴ። እንግዳ ነብር ሳያይ ሲቀር ይከፋዋል። አንድ ቀን ከአፌ አመለጠኝ፤ ወደዱት። ከዚያ ወዲያ እነሱ ናቸው የሚጠይቁኝ።»

«የራስህን ለምን አትነግራቸውም?»

«የእኔን ማን ይሰማዋል?»

«ያን ቀን ስነግርህ አብረኸኝ አልቅሰህ ነበር። ውሸትህን ነበር?»

«ልጆቼ ይሙቱ፣ እውነቴን ነበር!»

«እሱ ነው የባሰው» አለችና በሯን ዘጋች።

ወደ ድንኳኖቹ አልተመለሰችም፤ የመንገድ ሥራ ገብታ ድንጋይ ትፈልጥ ጀመር። ማሁዋ ሲያብብ እማማ ሱክዋሮ፣ የአማች ቤት አይመችም ብለው ተመለሱ። ያበሰለችውን ይበላሉ፤ ሲያማቸው ታሻቸዋለች። የዚያን ምሽት ነገር አንስተው አያውቁም። ግን በስሟ መጥራት ትተዋል፤ ሲፈልጓት ቀርበው ትከሻዋን ይነካሉ።

ድንጋይ የሚፈልጡት ሴቶች፣ «አንቺ፣ ያን የመሰለ የጥላ ሥራ ለምን ተውሽው?» ይሏታል።

«ጎንበስ ቀናው ወገቤን አሳመመኝ» ትላለች መዶሻዋን እያነሳች። ድንጋይ መፍለጥ ከአልጋ ማንጠፍ አስር እጥፍ ጎንበስ ቀና አለበትና ይስቁባታል። አንዷ፣ ደግ ሴት ናት፣ ሥራ ሲያበቃ ጠጋ ብላ፣ «ሆድሽ ውስጥ ያለውን ለእኔ ንገሪኝ፤ ከእኔ አይወጣም» አለቻት።

ኢትዋሪን ምሳ የቋጠረችበትን ጨርቅ አራግፋ ትከሻዋ ላይ ጣለችና፣ «ምንም የለም» አለቻት።