የእንግሊዝ መሪዎችና እናቴ

ባለፈው ምርጫ ድምፅ ለመስጠት ሲዋርድ በሚባለው ሰፈር ወደሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ሄድኩ። በሩን ገፋ አድርጌ ስገባ የወለል ሰምና የረጠበ ቦት ጫማ ሽታ ተቀላቅሎ ተቀበለኝ። ወረፋ ይዤ ቆሜ ሳለ አንድ ሰው የብረት ወንበር ወለሉ ላይ ጎተተ። ያንን ድምፅ ስሰማ እጄ በራሱ ጊዜ ኮሌታዬን አስተካከለ። ለአንድ አፍታ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ለመናገር የተነሣሁ መሰለኝ።

ከፊቴ የቆሙት ሁለት ሰዎች ስለ እጩዎቹ ያወሩ ነበር። አንደኛው፣ «ቢያንስ እሱ ወታደር ነበር» አለ። ሌላው ራሱን ነቀነቀ፤ ነገሩ በዚህ ያለቀላቸው መሰለ። ለእኔ ግን አላለቀልኝም። ያንን ክርክር አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ተሸንፌበታለሁ፤ መሸነፌም እስከ ዛሬ አልቆጨኝም።

ያኔ ሆፕኪንስ በምትባል ከተማ፣ አንድ አፓርትመንት ውስጥ እኔና እናቴ ብቻ እንኖር ነበር። እናቴ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነርሲንግ አሲስታንት፣ የነርስ ረዳት፣ ነበረች። ቤት ስትገባ ከልብሷ የሎሽንና የእጅ ሳሙና ሽታ ይወጣል። ከዚያ በፊት፣ አገር ቤት፣ ወታደር ነበረች፤ የመገናኛ ክፍል ሬዲዮ ኦፕሬተር። ይህን የማውቀው የደም ዓይነቷን እንደማውቀው ነበር። ይታወቃል እንጂ አይወራም።

የታሪክ መምህራችን የክርክር ቡድናችንም አሰልጣኝ ነበሩ። አያታቸው እንግሊዛዊ ስለነበሩ ይሁን ወይም በሌላ ምክንያት፣ ከሰሌዳው በላይ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትሮችን ፎቶ በተርታ ሰቅለው ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በመስኮቱ ስትገባ ብርሃኗ ከአንዱ ፎቶ መስታወት ወደ ሌላው ይሻገራል፤ መምህሩም ብርሃኑን ተከትለው ይሄዳሉ። ይሄኛው በጭቃ ምሽግ ውስጥ የከረመ ነው ይላሉ። ይሄ ቆስሎ የተመለሰ። ያኛው አብሮ አደጎቹን በአንድ ጦርነት የቀበረ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና በወጣትነቱ የዘመተ።

«እነዚህ ሰዎች ‹ዝመቱ› ሲሉ ቃሉ ምን እንደሚመዝን ያውቁ ነበር» ይሉን ነበር።

በተርታው ውስጥ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። መምህሩ በእሷ ፎቶ ሥር ሲያልፉ እርምጃቸውን ያፈጥናሉ። ለእሷ የሚተርኩት የምሽግ ታሪክ አልነበራቸውም።

እሳቸው ራሳቸው አልዘመቱም። «ሐኪሙ ጉልበቴን አይቶ መለሰኝ» ብለውን ያውቃሉ፤ ያን ሲሉ ፊታቸው ከሠርግ በር ላይ የተመለሰ ሰው ፊት ይመስል ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም። ልምምድ ጨርሰን ስንወጣ መኪና የሌለንን ልጆች በአሮጌ ቫናቸው ጭነው በየቤታችን ያደርሱናል፤ ሌሎቹ መምህራን በስሜ ሲቸገሩ፣ እሳቸው የአማርኛ ስሜን በትክክል ለመጥራት ብዙ ደክመዋል። እወዳቸው ነበር።

በወላጆች ቀን እናቴ መጣች። መምህሩ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አስጎበኟት። እሷ እጇን ቦርሳዋ ላይ አጣምራ በትዕግሥት ሰማች። ሲጨርሱ ለጨዋታ ያህል፣ «እርስዎስ አገርዎ ምን ይሠሩ ነበር?» አሏት።

«ወታደር» አለች እናቴ። አስተማሪ ነበርኩ እንደሚል ሰው ነበር አባባሏ።

መምህሩ ዓይናቸው ፈጠጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔን ሲያዩኝ ከኋላዬ የሆነ ነገር የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር።

የዚያ ዓመት የክርክር ርእስ፣ ሕዝብ በጦርነት የተፈተነ መሪ መምረጥ አለበት ወይስ የለበትም የሚል ነበር። ደጋፊ ወይም ተቃዋሚ የምንሆነው በዕጣ ነው። ውድድር በውድድር እያሸነፍን ወደ መጨረሻው ዙር ስንደርስ መምህሩ ከክፍል አስቀሩኝ።

«ሌላ ማንም ዘንድ የሌለ መሣሪያ አለሽ» አሉኝ።

«ምን?»

«እናትሽ። ታሪኳን ተናገሪ። ዕጣው በደረሰሽ በኩል ያገለግልሻል፤ ብትደግፊም፣ ብትቃወሚም።»

ያኔ ይህ አባባል ትክክል መስሎኝ ነበር። ማሸነፍ በጣም እፈልግ ነበር። በዚያ ትምህርት ቤት ስናገር ሰው ጸጥ ብሎ የሚሰማኝ የክርክር መድረኩ ላይ ብቻ ነበር፤ ካልሆነ ከምግብ ቤቱ ጥግ ከሚቀመጡት ዝምተኛ ልጆች አንዷ ነበርኩ።

እናቴን ያገኘኋት ምድር ቤት፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው። ማድረቂያው ያጉረመርማል፤ ክፍሉ በትኩስ ጨርቅና በሳሙና ሽታ ታፍኗል። የሥራ ዩኒፎርሟን እያጣጠፈች ነበር።

«እማ፣ ኮቹ ፋይናሉ ላይ ስለ አንቺ እንድናገር ይፈልጋሉ። ስለ ጦርነቱ።»

«ምን ያደርግላቸዋል?»

«ኤቪደንስ ነው። ማስረጃ።»

«ኤቪደንስ» አለች፤ የሱሪውን እጥፋት በመዳፏ እየዳመጠች። «ሽማግሌ አጥባለሁ። ልጅ አሳድጋለሁ። ግብር እከፍላለሁ። ወታደርም ነበርኩ። ከዚህ ሁሉ ኤቪደንሱ የቱ ነው?»

«እማ፣ ፕሊስ። ዊን እናደርጋለን።»

«አሸንፊያ። በገዛ አፍሽ አሸንፊ።» ሱሪውን አስቀምጣ ዞረችብኝ። ድምፅዋን አላነሣችም። «ልጄ፣ የእኔን ሙታን ለጭብጨባ አላወጣቸውም። ላንቺ ዋንጫም ቢሆን።»

ተናድጄ ቅርጫቱን አንሥቼ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ከኋላዬ ጠራችኝ።

«እነዚያ ግድግዳ ላይ ያሉት እንግሊዞች፣ ራሳቸው ናቸው ያወሩት ወይስ ሌላ ሰው ነው የሚያወራላቸው?»

አሰብኩ። «አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው» አልኩ።

«አየሽ» አለች።

የመጨረሻው ውድድር ሴንት ፖል ውስጥ በአንድ ኮሌጅ አዳራሽ ነበር። መጋቢት ቢገባም በረዶው ገና በየመንገዱ ዳር ጠቁሮ ተቆልሏል። እናቴ ትመጣለች ብዬ አላሰብኩም፤ ቅዳሜ ሥራ ነበረባት። ከአንዲት የሥራ ባልደረባዋ ጋር ሺፍት ተቀያይራ፣ ከዩኒፎርሟ ላይ ካፖርት ደርባ መጣች። መምህሩ ከጎናቸው አስቀመጧትና ፒዛ አቀረቡላት። ዐቢይ ጾም ነበር፤ «ፋስቲንግ» ብላ መለሰችላቸው።

ዕጣው ተቃዋሚ አደረገኝ። ባለጋራዬ የተስተካከለ ሱፍ የለበሰ፣ ድምፁ የጠራ ልጅ ነበር። ጥሩ ተናገረ። እሱም የእንግሊዝን መሪዎች ጠቀሰ፤ የመምህሬን ግድግዳ ያየ ይመስል ነበር። ወደ መጨረሻው ላይ ግን ወረቀቱን አስቀምጦ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

«ተቃዋሚዬ ስለ ጦርነት ዋጋ ብዙ ተናገረች» አለ። «የእኔ ወንድም ይህን ስናገር ጦር ሜዳ ነው ያለው። ከእሷ ቤትስ ያንን ዋጋ የከፈለ ሰው አለ?»

መምህሬ ወደ ፊት ዘንበል ብለው በአገጫቸው ምልክት ሰጡኝ፤ አሁን፣ ማለታቸው ነው። እናቴን አየኋት። አታድርጊ አላለችኝም፤ አድርጊም አላለችኝም። ቦርሳዋን የያዙት ጣቶቿ ግን ነጭ ሆነው ነበር።

ወንበሩን ገፍቼ ተነሣሁ። ዐረፍተ ነገሩ ተዘጋጅቶ ምላሴ ላይ ተቀምጧል፤ «እናቴ እዚያ ተቀምጣለች፣ ወታደር ነበረች» ብል ያ ሁሉ ሰው ዞሮ ያያታል፣ ዳኞቹ ይጽፋሉ፣ ዋንጫው የእኔ ይሆናል። ዋጥኩት። እውነቱን ለመናገር ሲወርድ ታወቀኝ፤ እንደ ትልቅ ክኒን።

«ወንድምህ በሰላም እንዲመለስ እመኛለሁ» አልኩት። «ከቤቴ ማን ምን እንደከፈለ ግን አልነግርህም።»

ከዚያ ወደ ሰዉ ዞርኩ። «ትምህርት ቤታችን ውስጥ የእንግሊዝ መሪዎች ፎቶ ተሰቅሏል። ብዙዎቹ ዘምተዋል፤ ደፋሮች እንደነበሩም አልጠራጠርም። ግን ከአንድ ዓይነት ምሽግ ወጥተው አንዱ ጦርነትን ዕድሜውን ሙሉ ሲሸሽ፣ ሌላው የሌላ ሰው ልጅ ወደ ጦርነት ለመላክ አላመነታም። ምሽጉ አንድ፣ ሰዎቹ ሁለት። ታዲያ የምንመርጠው ምሽጉን ነው ወይስ ሰውየውን? ከእነሱ ጋር ደግሞ በዚያው ጭቃ ውስጥ የነበሩ፣ ከእነሱ እኩል ደፋር የሆኑ፣ ፎቶ የሌላቸው አሉ። ቤታቸው ገብተው ዝም አሉ። ዝም ያለ ሰው አልከፈለም ማለት አይደለም። ማስረጃ አምጡ ብላችሁ በራቸውን አታንኳኩ።»

ዳኞቹ ሦስት ነበሩ። ሁለቱ ለእሱ፣ አንዷ ለእኔ ፈረዱ።

ልጁ እጄን ሊጨብጥ ሲመጣ ፊቱ ላይ የአሸናፊነት ነገር አልነበረም። ቀስ ብሎ «ሶሪ» አለኝ። ምን እንደነካ ባያውቅም፣ የሆነ ነገር እንደነካ ገብቶታል።

መምህሬ ግን ኮሪደሩ ላይ ጠበቁኝ። ፊታቸው ቀልቷል። «በእጅሽ ነበር» አሉኝ። «በእጅሽ ላይ ነበር፤ ጣልሽው።»

መልስ ከመስጠቴ በፊት እናቴ ከጎኔ ደረሰች። እንግሊዝኛዋ የሥራ ቦታ እንግሊዝኛ ነው፤ አጭርና ቀጥ ያለ።

«አልጣለችም፣ ሰር። ጠበቀችው።»

መምህሩ ደነገጡ። «እኔ እርስዎን ለማክበር ብዬ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነበር።

«ለማክበር ከሆነ እኔን ይጠይቁኝ ነበር» አለች እናቴ። «እርስዎ ግን ልጅ ላኩብኝ። እኛም ጋ እንዲሁ ነበር፤ ትልልቆቹ ሲፈልጉ ልጅ ነበር የሚልኩት።»

ኮሪደሩ ውስጥ ሰው ያልፋል፣ ወንበር ይሰበሰባል። መምህሩ ጫማቸውን አዩ። እናቴ እጇን ዘረጋችላቸው። «ልጄን ግን መናገር አስተምረውልኛል» አለች። «እግዜር ይስጥልኝ።» የመጨረሻውን በአማርኛ ነበር ያለችው። እጇን በሁለት እጃቸው ጨበጡ፤ ለረጅም ጊዜም አልለቀቁም። ሰኞ ትምህርት ቤት ስገባ ፎቶዎቹ በቦታቸው ነበሩ። እንዲወርዱም አልፈለግኩም።

ወደ ቤት ስንመለስ የመኪናው መስታወት በመንገድ ጨው ነጭ ሆኖ ነበር። ሂተሩ ያንገራግራል። ይቅርታ ልጠይቃት ወይስ ላመስግናት አላወቅኩም። ሀይዌይ ላይ ከገባን በኋላ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ ጀመረች።

«በመጨረሻው ቀን ኮረብታ ላይ የቀሩ ልጆች ነበሩ። ከእኔ ጋር የሚነጋገረው ልጅ ድምፁን ብቻ ነው የማውቀው፤ መልኩን አላየሁትም። ጠራሁት። ደግሜ ጠራሁት። እስኪመሽ ጠራሁት።»

«ከዚያስ?»

«አልመለሰም።»

ሌላም ነገረችኝ። ያንን አልነግራችሁም፤ ብትለምኑኝም አልነግራችሁም። «ይሄን ያህሉን ስታድጊ ለፈለግሽው ንገሪ» አለችኝ፣ «የቀረው የእኔና የአንቺ ነው።»

እናቴ ካረፈች ዓመት አልፏል። በቀብሯ ዕለት የሕይወት ታሪኳን የሚያነቡት ሰው ወረቀቱን አይተው፣ «ጦርነቱ ላይ ትንሽ ጨመር አድርጊበት እንጂ፤ ሰው ይወዳል» አሉኝ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ በአክብሮት እምቢ አልኳቸው። «ወታደር ነበረች» የምትለው ዐረፍተ ነገር ብቻዋን ተነበበች።

የውድድሩ ቀን ግን፣ ሆፕኪንስ ልንደርስ ስንል እናቴ፣ «ርቦሻል?» አለችኝና ከመኪና ሳይወርዱ ምግብ ወደሚያዝዙበት አንድ ድራይቭ ስሩ ታጠፈች። መስታወቱን አወረደች፤ ቀዝቃዛው ነፋስና የዘይት ሽታ አብረው ገቡ። ወደ ድምፅ ማጉያው ሳጥን አንገቷን አስግጋ፣ ቃል በቃል፣ ሳትቸኩል አዘዘች።

«ሁለት ድንች ጥብስ። ሁለት ሻይ። ስኳሩ ለብቻ። እደግማለሁ፤ ሁለት ድንች ጥብስ፣ ሁለት ሻይ፣ ስኳሩ ለብቻ። ተሰማ?»

ሁልጊዜ እንደዚህ ነበር የምታዝዘው። ከዚያ በፊት በኀፍረት ወንበሬ ውስጥ እሰምጥ ነበር። ያን ቀን አልሰመጥኩም። ሳጥኑ ዝም አለ፤ የሚሰማው ሹክሹክታ የመሰለ ድምፅ ብቻ ነው። ከኋላችን ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋ። እናቴ አልተንቀሳቀሰችም። ጆሮዋን ወደ ሳጥኑ አዘንብላ፣ መውረድ የጀመረው በረዶ ጉንጯ ላይ እየቀለጠ ጠበቀች። እጄን ክንዷ ላይ አደረግኩ።

«ተሰምቷል» አለ ከሳጥኑ ውስጥ አንድ የልጅ ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ። «ወደ ፊት ይምጡ።»

እናቴ ትንፋሿን ለቀቀች፤ ከዚያም መስታወቱን ዘጋች።