ለአዋሽ ጉዞ የተላኩት ሽማግሌዎች

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጌዶ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ስብሰባ ነበረን። ተማሪዎቹን ይዞ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የሚሄድ መምህር ሲጠየቅ ከሁሉ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። ርዕሰ መምህሩ ገርሞት «ቦታውን ታውቂዋለሽ እንዴ?» አለኝ። «አላውቀውም፤ ግን ለመሄድ ሽማግሌ ልኬ አውቃለሁ» አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ያኔ አምቦ ውስጥ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የጂኦግራፊ አስተማሪያችን የአዋሽን ገደል በጠመኔ እየሳለ «ይህ ወንዝ እኮ የሚነሳው ከእኛው ነው፤ ጊንጪ አካባቢ ልጆች በእግራቸው የሚሻገሩት ውሃ ነው እዚያ በረሃ ወርዶ መሬት የሚሰነጥቀው» ሲለን ማናችንም አላመንነውም። ለማሳመን ይሁን ተሸንፎልን እንጃ፣ የካቲት ላይ ሊወስደን ቃል ገባ።

እኔና ጓደኛዬ ጫልቱ አንድ ደብተር ለጉዞው ዕቅድ መደብን። የአምቦ ብርድ እንጂ የበረሃ ሙቀት የት እናውቃለን? ከሚያዙት ዕቃዎች መጀመሪያ የጻፍነው ሹራብና ብርድ ልብስ ነበር። እናቴ ገብሱን ፈጭታ፣ በቅቤ ለውሳ ጭኮ ልታዘጋጅልን ተስማማች። የቀረው የአባቴ ፈቃድ ብቻ ነበር።

አባቴ አናጺ ነው። ንግግር አያበዛም። ከእኔ ይልቅ ስለሚሠራቸው በሮች ብዙ የሚያስብ ይመስለኝ ነበር፤ ይህ ነገር ውስጤን ይበላኝ ነበር። ስጠይቀው ቀና ሳይል «በረሃ ነው፤ አዞ አለበት፤ አይሆንም» አለኝ። በሳምንቱ ደግሜ ጠየቅሁት፤ መልሱ ያው ነበር።

ጫልቱ ለቅሶዬ ሲሰለቻት «ሽማግሌ እንላክበታ!» አለች። ለማሾፍ ነበር። አባቷ ኦቦ ገመቹ ግን ሰምተው ነገሩን የምር ያዙት። የሰፈሩ አስታራቂ ናቸው፤ ልመና ደግሞ በወጉ ካልቀረበ ለእሳቸው ልመና አይደለም። አስተማሪያችንንና የዕድራችንን ዳኛ አስከትለው እሁድ ጠዋት ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራ ይዘው ከች አሉ።

«አካም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ» ብለው በሩ ላይ ቆሙ።

«ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ!» አለች እናቴ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

በእኛ አገር እንግዳ ሆኖ የሚመጣ ሽማግሌ ይቀመጣል። አልቀመጥም ብሎ ከቆመ ሴት ልጅ ለጋብቻ ሊጠይቅ ነው። እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ስህተቱ ሲገባኝ ወጥቼ ልናገር መጋረጃውን ያዝኩ።

አባቴ ግን ቀደመኝና ብድግ አለ። እንደዚያ ዕለት ብዙ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«አከብራችኋለሁ፤ ግን ልጄን አልሰጥም። ገና ልጅ ናት። አንደኛ የወጣችበትን ካርድ መሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ ይዤ ነው የምዞረው፤ ሥራ የሚሰጡኝን ሁሉ ጠይቁ፣ ያላሳየሁት የለም። እኔ ከአዲስ አበባ ወዲያ አላየሁም። እሷ ትማር። አገር ትይ። ከዚያ የወደደችውን ታግባ።»

አስተማሪያችን ሳቁን ለማፈን አቀርቅሮ ትከሻው ይርገፈገፋል። ኦቦ ገመቹ ግን ፊታቸው ሳይፈታ «ዱጋ! እውነት ብለሃል» አሉ። «እኛም የመጣነው አገር እንድታይ ነው። ለአዋሽ ጉዞ ሦስት ቀን ፍቀድላት።»

አባቴ አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ ራሱን ይዞ ከሁሉም በላይ ሳቀ። «በሉ እንግዲህ ተቀመጡ» አለ። እኔ መጋረጃውን ጨብጬ አለቀስኩ። ጉዞውን ረስቼው ነበር፤ የካርዴ ነገር ነው ያስለቀሰኝ።

ከዚያ በኋላ አባቴ ዕቅዱን ከእጃችን ነጠቀን። ጅቡቲ የሚመላለሱ ሾፌሮችን ጠያይቆ ብርድ ልብሱን ሰረዘ፣ የጭኮው ቅቤ ይቀልጣል ብሎ በገብስ ቆሎ አስቀየረ፣ ሰፊ ባርኔጣም ገዛልኝ። የተነሳን ዕለት ጊንጪ ስንደርስ ግን መንገዱ ተዘግቷል። በእነዚያ ዓመታት መንገድ መዘጋቱ ብርቅ አልነበረም። ቆሏችንን ሜዳ ላይ ቆርጥመን፣ ከሰዓት በኋላ ወደ አምቦ ተመለስን። አባቴ ሻንጣዬን ተቀበለኝና ፊት ፊቴ ሄደ። ጉዞው በዚያው ቀረ። ብዙም አልቆጨኝም፤ ያን እሁድ የሰማሁት ለረጅም ጊዜ በቅቶኛል።

ትናንት ደወልኩለት። ተማሪዎቹን የሚጠብቅ ሌላ ትልቅ ሰው አብሮን መሄድ ስላለበት «አባዬ፣ አንተ ለምን አትመጣም?» አልኩት። ድምፁን ቀንሶ «እናትሽን ማን ያስፈቅዳታል?» አለኝ። እሷን ለእኔ ተዋት አልኩት። ስለ ጉዞው ልነግረው ስል «ከአንቺ ጋር ከሆነ ደስ ይለኛል፣ ልጄ» አለ።

ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለራሴ ሲነግረኝ የመጀመሪያው ነው።