የቀሩት አምስት ባሮዎች

ከደብረ ብርሃን የወጣሁት ከሰዓት በኋላ ነው። መኪናው በር ላይ ጥሩንባውን ይነፋል፣ እማዬ ግን ጓሮ ገብታ የደረቀ የባሮ ሽንኩርት አበባ መዳፏ ላይ ታሻለች። ጥቋቁሩን ፍሬ እፍ ብላ አጠራችና በመሐረቤ ጫፍ ቋጠረችልኝ። «ከእናቴ የተረከብኩት ዘር ነው፤ የገበያው እንዲህ አይጣፍጥም። ሁለት ክረምት ካለፈው አይበቅልምና ቶሎ ዝሪው» አለችኝ። ኤርፖርት ላይ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። ይህንን ለንስሐ አባቴ ነግሬአቸዋለሁ።

ለንደን ገብቼ ግን የት ልዝራው? የመጀመሪያው ዓመት ሆስቴል ውስጥ፣ ላራት በአንድ ክፍል አለፈ። በዚያው ዓመት የእማዬ ጓሮ ለመንገድ ፈረሰና እሷም ወንድሜ ጋ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ገባች። እንግዲህ ያ ዘር ያለው እኔ መሐረብ ውስጥ ብቻ ሆነ። በምን አንጀቴ ልተኛ?

እዚያው ለንደን፣ ሃርልስደን የሚባል ሰፈር ጓሮ ያለው ክፍል እንዳገኘሁ በእርጎ ዕቃ አፈር ሞልቼ፣ አማትቤ ዘራሁት። ከዚያ ሁሉ የበቀለው አሥራ አንድ ብቻ፣ እሱም እንደ ፀጉር የቀጠነ። እርሳስ ሲያህል ወደ መሬት አዛወርኩት። የዚህ አገር ዝናብ እንደኛው ወርዶ አይወጣለትም፣ ቀኑን ሙሉ ያካፋል፤ ቀንድ አውጣው ደግሞ ይፈላል። ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት እየለቀምኩ በአጥሩ ላይ ወደ ጎረቤት ግቢ እወረውራለሁ። ይህንን ለንስሐ አባቴ ገና አልነገርኳቸውም።

በመስከረም ስድስቱ ክንድ አከሉ። በኩራቱ የእግዚአብሔር ነው ብዬ ስድስቱንም ነቀልኩ፤ አጥቤ ለጸበል ጻድቁ ወጥ እንዲሆን ቤተ ክርስቲያን ወሰድኩ። ሁሉም አደነቀ። ድሮ አስመራ አትክልተኛ የነበሩት አባባ ተክሌ ግን አንዱን አንስተው አገላበጡት።

«ልጄ፣ ወፍራሙን ለዘር አልተውሽም?»

«አባባ፣ ለእግዚአብሔር ቀጭን ይሰጣል እንዴ? ምን ነካዎት!»

«ታዲያ ለከርሞ ምን ልትሰጪው ነው?» ብለው ሳቁ።

ጓሮ የቀሩት አምስት ቀጫጭኖች ናቸው። ባሮ የሚያፈራው በሁለተኛው ዓመት ስለሆነ በረዶውን መሬት ውስጥ ከረሙ። እኔም በመስኮት እያየኋቸው አብሬ ከረምኩ። በበጋ ትከሻዬ ድረስ መጥተው እንደ ቡጢ የከበበ አበባ አወጡ። ንቡ ሲመጣባቸው አለቀስኩ።

አሁን ባለፈው ሳምንት አከራዬ ለኢንስፔክሽን መጣ።

«ይሄ የሞተ ሽንኩርት ምንድን ነው?»

«አልሞተም፣ ሰር። ሊወልድ ነው።»

«ኮንትራትሽ የሚፈቅደው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ መውለድ የለም» ብሎ ፎቶ አነሳ። ሰኞ ጓሮውን ነቃቅሎ ክሊር የሚያደርግ ሰው እልካለሁ አለኝ።

«ፍሬው እስኪጠቁር ሦስት ሳምንት ብቻ ይታገሡኝ፣ እባክዎ።»

«ኢሜይል አድርጊልኝ።»

ኢሜይል አደረግኩ። ከቅዳሴ በፊት ቼክ አደረግኩ፣ ከቅዳሴ በኋላ ቼክ አደረግኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በቅዳሴውም መሃል። መልስ የለም።

ዛሬ እሑድ፣ እማዬ ደወለች። ድምፅዋ ወጣት ሆኗል። «ወንድምሽ ባልኮኒው ላይ ሁለት ባልዲ አፈር ሞላልኝ። ፍጉን እኔው ራሴ ለምኜ አመጣሁ፤ ጎረቤት ሸተተን እያለ ነው፣ ይሽተተው! ያንቺን ዘር ብቻ ነው የምጠብቀው። ወፍራሞቹን ነው አይደል ለዘር የተውሽው?»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ በካፊያው ወደ ጓሮ ወጣሁና አንዷን ፍሬ በጥፍሬ ፈለቀቅኋት። ውስጧ ገና ነጭ ነው።

«ጠቆረ?» አለችኝ።

«ትንሽ ቀርቶታል፣ እማዬ።»

«ስንት ቀን?»

ነገ ሰኞ ነው። ምን ልበላት?

«ሄሎ? አለሽ?»

«አለሁ» አልኳት።