የግራው ፓራፋንጎ

ወደ ወገዳ እንድንወርድ ትእዛዝ የደረሰን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ጋይንት ውስጥ አንዲት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሰፍረን ነበር። እኔ የመቶ ጦራችን ሹፌር ነበርኩ። የምነዳት ዕድሜዋን ሙሉ ገብስና ስንዴ ስትጭን የኖረች አሮጌ መኪና ናት፤ ባለቤቷ ለጦሩ አውሶን ነው። ከእኔ የጀግንነት ወሬ የምትጠብቁ ልጆች ካላችሁ ይቅርታ፤ ጦርነቱን ያየሁት መሪ ጨብጬ ነው።

መኪናዋ ዝቅ ያለች ስለሆነች ወደ ወገዳ የሚወስደው የስማዳ መንገድ ድንጋይ ሆዷን ይፈትጋት ነበር። አዛዣችን «በዚህች ቁስለኛ እንዴት ልናወጣ ነው?» አለ። ስለዚህ ከተመታ ትልቅ መኪና ላይ አራት ጎማ ከነቸርኬው ፈታን። መካኒካችን አስር አለቃ ምትኩ የእስቴ ሰው ነው፤ እጁ ሥራ፣ አፉ ተረብ የማያጣው። «ይቺ አሮጊት የጎረምሳ ጫማ አማራት» እያለ ገጠመላት። ትልቁ ጎማ ግን ከፊት ፓራፋንጎውን፣ ከላይ የሚሸፍነውን ቆርቆሮ፣ ይነካ ነበር። ምትኩ የቀኙን ጠርዝ በብረት መጋዝ ቆረጠው። ወደ ግራው ዞሮ ቆመ።

ግራው ላይ ባለቤቱ በስለት ያሣላት እመቤታችን ከነልጇ አለች። መጋዙ በእግሯ በኩል ሊያልፍ ነው። ምትኩ ተሳለማትና አየኝ።

«ልቁረጠው?»

«ተው» አልኩት። «እስቲ እንዲሁ እንሞክራት።»

መሪውን እስከ ጥግ ወደ ግራ አዞርኩት። ጎማው ቆርቆሮውን ላስ አድርጎ አለፈ። ደስ አለን። ጭነት ሲኖር ከሥር የሚሸከማት ብረት፣ ባሌስትራው፣ እንደሚተኛ፣ ቆርቆሮውም ጎማው ላይ እንደሚወርድ ሁለታችንም እናውቃለን። አንዳችንም አላነሳነውም።

በማግስቱ ከወገዳ ወዲያ ያለችውን ኮረብታ ይዘን አደርን። ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተኩስ ተከፈተ። ሦስት ሰዓት ላይ ቀኝ ክንፋችን ተገፋ። መልሰን ያዝን። አራት ሰው ሞተብን። ስድስት ቁስለኛ ጫንኩ። አንዱ ምትኩ ነበር፤ ሆዱን ተመቷል።

ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስደው መንገድ ገደል አፍ ላይ ወደ ግራ ይታጠፋል። መሪውን አዞርኩ። እኩሌታው ላይ ቀጥ አለ። ጎማው ፓራፋንጎው ውስጥ ተቀርቅሯል። ወደ ኋላ አልኩ፣ ወደ ፊት አልኩ፤ ያው ነው። ምትኩ ተኝቶ ድምፁን ሰምቷል።

«ግራው ነው?» አለኝ።

«ግራው ነው።»

መሪውን ለቅቄ ወረድኩ።

መጋዙን ጋይንት ትተነዋል። የቀረን ቁስለኞቹን አውርደን፣ ባዶዋን አሳልፈን፣ መልሰን መጫን ብቻ ነው። ከሁለት አጃቢዎች ጋር አንድ በአንድ አወረድናቸው። መኪናዋ በአዲሱ ጎማ ከፍ ብላለች፤ ስንጭን እያንዳንዱን ከደረታችን በላይ እናነሳ ነበር። ከአራት ሰዓት እስከ አምስት ተኩል ፈጀብን። ስድስት አውርደን በሕይወት የጫንነው ሦስት ነው። ምትኩ ከሦስቱ ውስጥ አልነበረም። አላለቀስኩም። ምንም አልተሰማኝም፤ መሪው እንኳ በእጄ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ጋይንት ስንመለስ ለቤተ ክርስቲያኑ ቄስ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቤታቸው ጎማውን ከቀየርንበት ቦታ ሠላሳ እርምጃ አይርቅም።

«ልጄ፣ መጥታችሁ ብትጠይቁኝ ኖሮ ቁረጡ እላችሁ ነበር» አሉኝ። «እሷም አትቀየማችሁም ነበር።»

ያን ጠዋት የት እንደነበሩ ጠየቅኳቸው። ቤት ነበሩ።

ኮረብታው ላይ አራት፣ መታጠፊያው ላይ ሦስት። ሰው ሲጠይቀኝ ሰባት ሞቱብን ብዬ አልፋለሁ። ለእናንተ ግን ለይቼ ነገርኳችሁ። መኪናዋን ለባለቤቷ ስመልስ ሰውየው ዞር ዞር ብሎ አያት፤ የተቆረጠውን ቀኝ አልፎ ግራው ላይ ጎንበስ ብሎ ሥዕሏን ሳመ።

«ተባረክ፤ አንድም ጭረት አላስነካሃትም» አለኝ።

አሜን አልኩት።