የመጀመሪያው ውኃ

ስለ ራሴ መናገር አያሳፍረኝም። አሶሳ ውስጥ ሙሳ ሲባል የዕድሜ እኩዮቼ ሁሉ ያውቁኛል። አስተማሪ ፊት ተቀምጬ የተማርኩት ነገር የለም። የአማርኛ ፊደል የለየሁት ከስኳር ጆንያና ሱቅ ውስጥ ዕቃ ከሚጠቀለልበት አሮጌ ጋዜጣ ነው፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ላይ ዐረብኛን ከነጋዴዎች፣ ኦሮምኛን ከባምባሲ ሰዎች ለቀምኩ። ክልሉ ሲቋቋም፣ ቢሮው ገና ወንበር ሳይገባለት፣ ደብዳቤ የሚያረቅ ሰው ተፈለገ፤ የተገኘሁት እኔ ነበርኩ። ማን አስተማረህ ሲሉኝ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ "ራሴ።" ዛሬ የምጽፈው ግን የምኮራበትን አይደለም።

ልጅ እያለሁ፣ ክረምቱ ጠንከር ሲል፣ የቀርቀሃ ቡቃያ ከመሬት ብቅ ብቅ ይል ነበር። እናቴ ሐዋ ማልዳ ትወጣና ትከሻዋ ላይ ባጋደመችው እንጨት ጫፍና ጫፍ ቅርጫት አንጠልጥላ ትመለሳለች። የቡቃያው ልጣጭ እጅ የሚያሳክክ ፀጉር አለው፤ እሷ ግን ምንም ሳይመስላት ታወልቀዋለች። ቀጭን ቀጭን አድርጋ ትቆርጥና በሸክላ ድስት ትጥደዋለች። ሲፈላ ቤቱ እርጥብ ሣር እርጥብ ሣር ይሸታል። ከዚያ ውኃውን በቅል ታጠልልና "ሙሳ፣ ራቅ አድርገህ ድፋ" ትለኛለች። ይህ የእኔ ሥራ ነበር። ከአጥሩ ጀርባ የጉንዳን ጉድጓድ ነበረ፤ ቢጫውን ውኃ ስደፋበት ጉንዳኖቹ ይራወጣሉ፣ እኔም የጦር አዛዥ እሆናለሁ። ስመለስ አዲስ ውኃ ተጥዷል። እሱንም እደፋለሁ። በሦስተኛው ውኃ የበሰለው በባሚያ ወጥ ተደርጎ፣ ከትኩስ የማሽላ ገንፎ ጋር ሲቀርብ፣ ጣቴ እየተቃጠለ እንኳ አላቆምም ነበር። ውኃው ለምን እንደሚደፋ አንድ ቀን አልጠየቅኋትም። ያኔም መጠየቅ አልወድም ነበር።

ክልሉ በተቋቋመ በጥቂት ዓመት የቀርቀሃ ሥራ እንድንማር ሁለት ሰዎች ወደ ቻይና ተላክን፤ አንዱ እኔ፣ ሌላው ታደሰ። ታደሰ ከወሎ በሰፈራ የመጣ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ከእናቴ ገበታ ብዙ ጊዜ በልቷል። ስድስት ወር ተቀመጥን። ከየአገሩ የመጣን ሠልጣኞች በየእሑዱ በተራ በልጅነታችን የምንወደውን ምግብ ሠርተን እናስረዳ ነበር። ተራው ሲደርሰኝ ገበያ ላይ ቡቃያውን አየሁና ዘለልኩ።

"ሙሳ፣ ለመሆኑ ምድጃ አጠገብ ደርሰህ ታውቃለህ?" አለኝ ታደሰ።

"እንኳን ምድጃ፣ የመኪና ሞተር ፈትቼ ገጥሜያለሁ።"

"ሞተር አይበላማ።"

ቆረጥኩ፣ ጣድኩ፣ አፈላሁ። የእርጥብ ሣሩ ሽታ ሲመጣ የእናቴ ቤት የገባሁ መሰለኝ። በዚያው ውኃ ወጡን ሠራሁ። ከዚያ ተነሥቼ ስለ አሶሳ ክረምት፣ ስለ እናቴ እጅ ረጅም ንግግር አደረግኩ። አጨበጨቡልኝ፤ ቀመሱ። አንዱ ቶሎ ብሎ ውኃ ጠጣ። እኔም ቀመስኩ። ምላሴ ተኮማተረ።

የማብሰያ ቤቱ ኃላፊ በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። ቀስ ብለው አላምጠው በአስተርጓሚ ጠየቁኝ፦ "የመጀመሪያውን ውኃ አትደፉትም?"

በዚያች ቅጽበት ቅሉ እጄ ላይ የተመለሰ መሰለኝ፤ ጉንዳኖቹ ታዩኝ። ስንት ክረምት በገዛ እጄ ደፍቼዋለሁ። "ረሳሁት" ብል ይበቃ ነበር። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የማያውቅ ሰው መሆን አልቻልኩም።

"እኛ ዘንድ አይደፋም" አልኩ። "እናቶቻችን እንዲህ ነው የሚሠሩት።"

ሴትዮዋ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። "አይዞህ። ውኃ ሲቸግረን እኛም እንዲህ በልተናል። እናትህ ከሩቅ ነበር የምትቀዳው?"

"ከሩቅ" አልኩ።

ቤታችን ወንዝ ዳር ነበር። ተኝተን እንኳ የውኃው ድምፅ ይሰማን ነበር።

ደጅ ስንወጣ ታደሰ፣ "እናትህ ቤት ስበላ መሮኝ ያውቃል?" አለኝ።

"ተው እንግዲህ፣ ታደሰ።"

"እኔስ እተዋለሁ። ስም ያጠፋኸው ግን የእሷን ነው።"

አገር ስገባ እናቴ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። "የምንበላውን ነገርካቸው?"

"ሠርቼ አበላኋቸው።"

ሳቀች። "አንተ? ውኃውን ማን ደፋልህ?"

"ራሴ።"

"ምን አሉ ታዲያ?"

"እናትህ ባለሙያ ናት አሉ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሠርግ ቤት፣ በለቅሶ ቤት፣ በወንዝ ዳርም ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች ሙያዋን እንዳመሰገኑ ስታወራ ኖረች። ታደሰ ባለበት ነገሩ ሲነሣ እሱ መሬት መሬት ያያል፤ እኔ ወሬ እቀይራለሁ። እንዳመነችኝ ሞተች።

ዛሬ በአሶሳ ዙሪያ ቀርቀሃው ሳስቷል። የልጅ ልጆቼ ከሱቅ በላስቲክ የታሸገ ብስኩት ይመርጣሉ፤ ውኃም የሚቀዱት ከቧንቧ ነው። ያኔ አንድ ቅል ውኃ ደፍቶ የሚመለስ ልጅ ትልቅ ሥራ የሠራ ይመስለው ነበር፤ ሠርቶም ነበር።

የቻልኩትን ልቁጠር። በገዛ እጄ የሠራሁት የቀርቀሃ ወንበር እስከ ዛሬ ቢሮ ውስጥ ይቀመጡበታል። ወጣቶችን ሙያ አስይዣለሁ። ሰባት ልጆች አስተምሬያለሁ። በአራት ቋንቋ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ለዚያች ለቻይናዋ ሴት ግን በአንዱም አልጻፍኩም። ባለፈው ክረምት ቡቃያ ለቅሜ፣ ልጬ፣ ሁለት ጊዜ ውኃውን ከአጥር ጀርባ ደፍቼ፣ በሦስተኛው አበሰልኩ። ትንሿ የልጅ ልጄ ጣቷን እየላሰች፣ "አባባ፣ ይሄን ማን አስተማረህ?" አለችኝ።

የለመድኳት ቃል አፌ ላይ ደርሳ ነበር። ዋጥኳትና "እናቴ" አልኩ።